መልሱን አውቀዋለሁ፣ ፈተና ላይ ግን ይጠፋብኛል፤ የት ነው የሚሄደው?

የማታ_አንባቢ፦

ሰላም ናችሁ? ነርሲንግ ነው የምማረው፤ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የጻፍኩት።

በደንብ አጠናለሁ። ማታ ደብተሬን ዘግቼ ርዕሱን ብቻ አይቼ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች እወጣዋለሁ። ፈተና ላይ ግን የሆነ ጥያቄ ይመጣል፣ አነበዋለሁ፣ የማውቀው ነገር እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ፣ መልሱ ግን ድራሹ ይጠፋል። የሚገርመው ገጹ ይታየኛል። በግራ በኩል፣ ከታች፣ በአረንጓዴ ያሰመርኩበት። ምን እንደተጻፈበት ብቻ ነው የማይመጣው። ከዚያ ወረቀቱን አስረክቤ ስወጣ ከጎኔ ያለች ልጅ አንድ ቃል ጣል ታደርጋለች፣ በቃ ሁሉም ነገር ተግተልትሎ ይመጣል፣ ምክንያቱ፣ ምልክቱ፣ መድኃኒቱ ሳይቀር። ያን ጊዜ ማልቀስ ነው የሚያምረኝ።

ጓደኛዬ «ካልመጣልሽ አላወቅሽውም ማለት ነው» ትለኛለች። ይሄ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። ካላወቅኩት ከአንድ ደቂቃ በኋላ ከየት መጣ? ደግሞስ ያቺ ልጅ የጣለችው አንድ ቃል ምን ቢሠራ ነው ያን ሁሉ ጎትቶ ያወጣው? እንዲህ ዓይነት ፍንጭ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል ወይስ የዕድል ጉዳይ ነው? «በምትፈተኚበት ክፍል አጥኚ» የሚሉኝም አሉ። እውነት ከሆነ ንገሩኝና ነገውኑ እጀምራለሁ።


ሥነ_ልቡና_አስተምራለሁ፦

እህቴ፣ የጓደኛሽ አባባል ልክ አይደለም። ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ያወቁትን በተፈለገበት ሰዓት ማምጣት ሌላ ነገር ነው።

ይህንን አጥርቶ ያሳየው ኤንደል ቱልቪንግ ነው፤ ኢስቶኒያ ተወልዶ ካናዳ ውስጥ የሠራ ተመራማሪ። እ.ኤ.አ. በ1966 ከዘና ፐርልስቶን ጋር ሆነው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቃላት ዝርዝር አስጠኑ። ቃላቱ በየወገናቸው ነበር የቀረቡት። «ሙያ» ይባልና ከሥሩ መሐንዲስ፣ ጠበቃ ይላል እንበል። ሲፈተኑ ግማሾቹ ባዶ ወረቀት ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ የወገኖቹ ስም የተጻፈበት ወረቀት። ስሙ የተሰጣቸው በጣም ብዙ ቃላት ጻፉ፣ በተለይ ዝርዝሩ ረጅም ሲሆን። ለእኔ ዋናው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ባዶ ወረቀት ይዘው የነበሩት በኋላ የወገኖቹ ስም ሲሰጣቸው፣ ቅድም ጨርሶ ያልመጡላቸው ቃላት መጡ። በመሀል ምንም አላጠኑም። ቃላቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበሩ፣ የጎደለው የሚጠራቸው ነገር ብቻ ነው። አንቺም ከበሩ ስትወጪ የሆነብሽ ይኸው ነው።

ታዲያ ፍንጭ ስል ማንኛውም ተዛማጅ ነገር ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ቱልቪንግ ከዶናልድ ቶምሰን ጋር በ1973 ያወጣው ሥራ እንደሚያሳየው፣ ፍንጩ የሚሠራው ነገሩን በምንማርበት ሰዓት አብሮ ከገባ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው «ቀዝቃዛ» የሚለውን ቃል «መሬት» ከሚል ቃል ጋር አጣምሮ አየ እንበል። በኋላ «ሙቅ የሚለው ቃል ምን ያስታውስሃል?» ሲባል ራሱ «ቀዝቃዛ» ብሎ ይጽፋል። ይህን የጻፍከውን ቃል ቅድም ዝርዝሩ ላይ አይተኸዋል ወይ ሲባል ብዙ ጊዜ አላየሁም ይላል! ቃሉ በገዛ እጁ ተጽፎ ፊቱ ተቀምጦ። «መሬት» ሲባል ግን ወዲያው «ቀዝቃዛ» ይላል። እኔ ይህንን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪዎች አያምኑኝም፣ አብረን ስንሞክረው ነው የሚያምኑት።

አእምሮ ውስጥ የሚሆነውን በአጭሩ ልበልሽ። የአንድ ትዝታ ክፍሎች አንድ ቦታ ተጠቅልለው አይቀመጡም። ያየሽው፣ የሰማሽው፣ ትርጉሙ፣ የተሰማሽ ስሜት በተለያየ የአንጎል ክፍል ነው ያሉት። ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ነው አንድ ላይ የሚያያይዛቸው። ከክፍሎቹ አንዱ ሲነካ ሂፖካምፐስ ሌሎቹንም ይቀሰቅሳል፣ ሙሉው ነገር ይነሳል። የሱሱሙ ቶኔጋዋ ቤተ ሙከራ በ2012 ይህንን አይጦች ላይ በብርሃን አሳይቷል፤ አይጧ አንድ ሳጥን ውስጥ ፍርሃት ስትማር ነቅተው የነበሩትን ሕዋሳት ለይተው ብርሃን ሲነካቸው እንዲነቁ አደረጉ፣ በኋላ ሌላ ሳጥን ውስጥ ሆና እነዚያኑ ሕዋሳት በብርሃን ሲቀሰቅሷቸው በፍርሃት ደርቃ ቆመች። በ2015 ደግሞ ትዝታው እንዲጠፋ በመድኃኒት የተደረጉ አይጦች የተማሩበት ሳጥን ውስጥ ሲገቡ ምንም አላስታወሱም፣ ሕዋሳቱ በቀጥታ በብርሃን ሲነኩ ግን አስታወሱ። ዱካው ነበረ ማለት ነው።

ገጹ ታይቶሽ ጽሑፉ የጠፋሽም ለዚህ ነው። ከፊሉ ተነስቷል፣ የተቀረው አልተጎተተም። ስም ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ እምቢ ሲል የሚሆነው የዚሁ ወንድም ነው። ሮጀር ብራውን እና ዴቪድ ማክኒል በ1966 ሲያጠኑት፣ ሰዎች ቃሉን ራሱን ማምጣት እያቃታቸው የመጀመሪያ ፊደሉን ወይም ርዝመቱን ብዙ ጊዜ በትክክል ይናገሩ ነበር።


ሦስተኛ_ዓመት_ላይ_ነኝ፦

እኔም ነርሲንግ ነኝ የኔ እናት። ወደ ምክር ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደብተርሽ ላይ እንዴት ነው የምትጽፊው? የበሽታውን ስም ከላይ አድርገሽ ምልክቶቹን ከሥሩ ትደረድሪያለሽ?


የማታ_አንባቢ፦

አዎ፣ በትክክል እንደዛ። ስሙ በትልቁ ከላይ፣ ከዚያ ምክንያት፣ ምልክት፣ ሕክምና። ሁሉም ሰው እንደዛ አይደል እንዴ የሚጽፈው?


ሦስተኛ_ዓመት_ላይ_ነኝ፦

ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚጽፈው፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ፈተና ላይ አንቺን የገጠመሽ ይገጥመዋል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። ደብተርሽ ላይ «ሃይፐርታይሮይዲዝም» (አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ የሚመጣ በሽታ) ብለሽ ጽፈሻል፤ ከሥሩ ክብደት መቀነስ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ሙቀት አለመቻል። ማታ ደብተሩን ዘግተሽ ስሙን ስታስቢ አምስቱም ይመጣሉ። ደስ ይልሻል። ፈተናው ግን እንዲህ ይላል፦ «አንዲት የ32 ዓመት ሴት ከወትሮው በላይ እየበላች ክብደቷ ቀንሷል። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ብርድ ሲለው እሷ መስኮት ትከፍታለች። እጇ ይንቀጠቀጣል።» ስሙ የትም የለም። አንቺ ከስም ወደ ምልክት የሚሄደውን መንገድ ነው የተለማመድሽው፣ ፈተናው የጠየቀሽ ከምልክት ወደ ስም ነው። በዚህ አቅጣጫ አንድም ቀን አልሄድሽም! ያቺ ልጅ ከበሩ ውጪ የጣለችው ቃል የበሽታው ስም ነበር ብዬ እወራረዳለሁ። እሱ ደግሞ አንቺ ሁሉንም ያሰርሽበት ነው።

ሌላም ችግር አለ። «ክብደት መቀነስ» ብቻውን ምን ያመጣልሻል? ቲቢ፣ ካንሰር፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ኤችአይቪ... አንድ ፍንጭ ብዙ ነገር ከተሸከመ ማንንም በደንብ አይጠራም። ይሄ የታወቀ ነገር ነው፣ ከሰባዎቹ ጀምሮ ተጠንቷል። አረንጓዴ ማስመሪያሽም እንደዛው፤ ገጹ በሙሉ አረንጓዴ ከሆነ አረንጓዴ መሆኑ ምንም አይነግርሽም። ስለዚህ የሚለየውን ጥምረት ፈልጊ። «እየበላች ትከሳለች» ስኳርም ሊሆን ይችላል። «እየበላች ትከሳለች፣ ሙቀት አትችልም፣ እጇ ይንቀጠቀጣል» ሲሆን ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ይወስድሻል።

እኔ የማደርገው ይሄ ነው። ካርዱ ፊት ላይ የታማሚዋን ታሪክ እጽፋለሁ፣ ጀርባው ላይ ስሙን እና ለምን እሱ እንደሆነ። በሌላ ቀን ደግሞ ከጀርባው ጀምሬ ወደ ፊቱ። ከዚያ ደግሞ ካርዶቹን አቀላቅላቸዋለሁ፣ ምክንያቱም የታይሮይድ ምዕራፍን እያጠናሁ ከሆነ መልሱ ታይሮይድ እንደሆነ ምዕራፉ ራሱ ይነግረኛል፤ ያ ፍንጭ ፈተና ላይ አይኖርም።

ደብተር ዘግተሽ መውጣትሽ ግን ጥሩ ልምድ ነው፣ እንዳትተዪው። ሮዲገር እና ካርፒክ በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፣ ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ከዚያ ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ያነበቡት በለጡ፣ 81 ከመቶ ለ75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት 42 ከመቶ፣ ሳያዩ የጻፉት 56። ማታ አንብበሽ ማታውኑ «ገባኝ» የሚለው ስሜት የሚያታልለው ለዚህ ነው።


ጠላቂ_ነኝ፦

ስለ ክፍሉ ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ይሄንን ጥናት ጠላቂዎች ሁሉ እናወራዋለን። ጎደን እና ባድሌ በ1975 ጠላቂዎችን ግማሹን ጊዜ ውኃ ሥር፣ ግማሹን ጊዜ የብስ ላይ ቃላት አስጠኗቸው። ውኃ ሥር ያጠኑትን ውኃ ሥር፣ የብስ ላይ ያጠኑትን የብስ ላይ ሲጠየቁ የተሻለ አስታወሱ። በየመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለ ጥናት ነው። ግን ሁለት ነገር ልብ በይ። እነዚያው ሰዎች በ1980 ሲደግሙት፣ በዚህኛው ጊዜ ቃሉን «አይተኸዋል ወይስ አላየኸውም» ብለው እያሳዩ ሲጠይቁ፣ የቦታው ልዩነት ጠፋ። ቃሉ ፊትሽ ካለ እሱ ራሱ ፍንጭ ነውና አካባቢው ብዙም አያስፈልግም። በ2021 ደግሞ የመጀመሪያውን ጥናት የደገሙ ተመራማሪዎች ያን ውጤት አላገኙትም።

ስለዚህ ለአንድ ክፍል ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ። እንዲያውም ስቲቨን ስሚዝ እና ባልደረቦቹ በ1978 እንዳሳዩት፣ አንድን ዝርዝር በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ያጠኑ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ ካጠኑት የተሻለ አስታውሰዋል፣ ያውም በሦስተኛ አዲስ ክፍል ሲፈተኑ። ስሚዝ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሰዎች ያጠኑበትን ክፍል በሐሳባቸው ብቻ መልሰው ሲያዩት እንኳን እንደሚጠቅማቸው አገኘ። ቦታ ቀያይረሽ አጥኚ፣ ከጠፋብሽ ደግሞ ቦታውን በሐሳብሽ ተመለሺበት። ይሄ በቂ ነው።


የድሮ_ነገር_እሰበስባለሁ፦

ልጄ፣ የእኔ ነገር ከፈተና ራቅ ይላል፣ ግን ስለ ፍንጭ ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሥራዬ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ስለ ወጣትነታቸው እየጠየቁ መቅዳት ነው። አዲስ የሚገቡ ልጆች ሁልጊዜ «መቼ ነበር?» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሰውየው ግንባሩን ይቋጥራል፣ «እንጃ» ይላል፣ ወሬው እዚያው ይሞታል። «አብሮህ ማን ነበር? የቆማችሁበት ቦታ ምን ይመስላል? እጅህ ላይ ምን ይዘህ ነበር?» ስትይው ግን ዓይኑ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ የአንቺ ሥራ መስማት ብቻ ነው። ቀኑ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከመጣም።

ይህንን በጥናት ያረጋገጠ ሰው አለ። ዊለም ዋገናር የሚባል የኔዘርላንድስ ምሁር ለስድስት ዓመት ያህል የራሱን ሕይወት ክስተቶች መዘገበ፣ 2,400 ገደማ። ለእያንዳንዱ ምን፣ ማን፣ የት፣ መቼ ብሎ ጻፈ። በኋላ አንድ በአንድ እንደ ፍንጭ ሲጠቀምባቸው «ምን» ከሁሉም በለጠ፣ «መቼ» ደግሞ ብቻውን ምንም ያህል አልረዳም። ጨርሶ የረሳቸው የመሰሉ ክስተቶችም ነበሩ፤ ከእነዚያ ውስጥ ሌላ ሰው አብሮት የነበረባቸውን አሥር ወስዶ ሰዎቹን ጠየቀ። እነሱ ዝርዝር ሲነግሩት ሁሉንም አስታወሰ።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ እላለሁ። ፍንጭ የሚጠራውን ያህል ይጨምራልም። ኤሊዛቤት ሎፍተስ እና ጆን ፓልመር በ1974 ለሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ፍጥነቱን ጠየቁ። «መኪኖቹ ሲላተሙ» ተብለው የተጠየቁት «ሲነካኩ» ከተባሉት በላይ ፍጥነት ገመቱ። ፊልሙ ያው ነው። ጠንከር ባለው ቃል ከተጠየቁት ውስጥ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ያልነበረ የተሰበረ መስታወት አየን ያሉ ከሌሎቹ በዝተዋል። ስለዚህ እኔ «ያኔ ፈርተህ ነበር?» ብዬ አልጠይቅም። «ያኔ ምን ተሰማህ?» ነው የምለው። የሰውን ትዝታ በራሴ ቃል መሙላት አልፈልግም፤ አንዴ ከገባ ማውጫ የለውም፣ ሰውየው ራሱ የኔን ቃል ከራሱ ትዝታ መለየት አይችልም።


የማታ_አንባቢ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ እርስዎንም ጭምር። ካርዱን ማታ ጀመርኩ። አዎ፣ ልጅቷ የተናገረችው የበሽታውን ስም ነበር!

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ጓደኛዬ በጣም ያማረ ማጠቃለያ አላት፣ ምህጻረ ቃል ምናምን ሁሉ ሠርታ። ኮፒ ላድርገው ወይስ የራሴን ልሥራ? ጊዜ የለኝም። ሁለተኛ፣ ይሄ ሁሉ ሆኖም ፈተናው ላይ ድንገት ከጠፋብኝ እዚያው ቁጭ ብዬ ምን ላድርግ?


ሥነ_ልቡና_አስተምራለሁ፦

የራስሽን ሥሪ። ቲሞ ማንቲላ በ1986 ባወጣው ጥናት ሰዎች ለ500 እና ለ600 ያህል ቃላት፣ ለእያንዳንዱ ቃል ከራሳቸው የሚመጣላቸውን ሦስት መግለጫ ጻፉ። እንደሚፈተኑ አልተነገራቸውም። ወዲያው እነዚያን የራሳቸውን መግለጫዎች እንደ ፍንጭ ሲያገኙ ከ90 ከመቶ በላይ አስታወሱ። የሌላ ሰው መግለጫ ሲሰጣቸው ግን ውጤቱ በጣም ወረደ። የጓደኛሽ ምህጻረ ቃል የሚጠራው እሷ ስታስብ የነበረውን ነው። ጊዜ ከሌለሽ ሁሉንም አትሥሪ፣ ሁልጊዜ የሚምታቱብሽን ብቻ ሥሪ። የእሷን ማጠቃለያ ደግሞ የረሳሽው ነገር ካለ ለማመሳከር ተጠቀሚበት።

ፈተናው ላይ ሲጠፋብሽ መጀመሪያ ድንጋጤው ራሱ አንዱ ጠላትሽ ነው። ስንጨነቅ የሚለቀቀው ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ቀድሞ የተማሩትን ማምጣት ያከብዳል። ዶሚኒክ ደ ኬርቫን እና ባልደረቦቹ ይህንን በ1998 አይጦች ላይ፣ በ2000 ደግሞ ሰዎች ላይ አሳይተዋል። ስለዚህ እስክሪብቶውን አስቀምጪ፣ ትንፋሽ ውሰጂ፣ ጥያቄውን ምልክት አድርገሽበት እለፊ። መታገሉን ተዪው። የተሳሳተ መልስ ደጋግሞ እየመጣ መንገድ ሲዘጋብሽ፣ በታገልሽ ቁጥር ያንኑ የተሳሳተውን ነው የምታጠነክሪው። ከሁለትና ሦስት ጥያቄ በኋላ ተመለሺ፤ አንዳንዴ የሌላ ጥያቄ ቃል ራሱ ፍንጭ ይሆንልሻል።

ስትመለሺ «መልሱ ምንድን ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፣ እሱ ቅድም አልሠራም። ዙሪያውን ሂጂ። ይሄ ነገር የየትኛው የሰውነት ክፍል ነው? ከምን ጋር ነበር የሚምታታብኝ? መምህሩ ሲያስረዳ ምን ምሳሌ ሰጠ? ያን ቀን ማን አጠገብ ነበርኩ? ያ አረንጓዴ መስመር ከየትኛው ሥዕል ሥር ነበር? ያወቅሽውን ቁራጭ ሁሉ ከወረቀቱ ጥግ ላይ ጣል ጣል አድርጊ፣ የማይገናኝ ቢመስልሽም።

ከፈተና ውጪ ስታጠኚ ግን ሌላ ነው። ካርዱን አይተሽ ምላስሽ ጫፍ ላይ ደርሶ እምቢ ካለ ትንሽ ሞክሪና ቶሎ ገልብጠሽ እዪው። ኤሚ ቤት ዋሪነር እና ካሪን ሃምፍሪስ በ2008 እንዳሳዩት፣ በዚያ ሁኔታ ረዘም ላለ ጊዜ የታገሉ ሰዎች ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ቃል ላይ እንደገና የመሰናከል ዕድላቸው ጨምሯል። ካየሽው በኋላ ደግሞ እንዳታልፊው፣ ካርዱን መልሰሽ መሀል ውስጥ ክተቺና ሌሎች ካርዶች አልፈው ሲመጣ ሳታይ በዪው፤ ድምፅ አውጥተሽ።


ሦስተኛ_ዓመት_ላይ_ነኝ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ካርዶችሽ ላይ ያለው የታማሚ ታሪክ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ታሪኩን ትሸመድጂዋለሽ። «የ32 ዓመት ሴት» ስትዪ መልሱ ገና ሳታነቢው ይመጣል፣ ያ ደግሞ ምንም አይጠቅምሽም። ዕድሜውን ቀይሪ፣ ወንድ አድርጊው፣ አንዱን ምልክት አውጪና ሌላ አስገቢ። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ታይሮይድ እጅ ሳይንቀጠቀጥ፣ ላብ ሳይኖር፣ ድካም እና የተዛባ የልብ ምት ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ለዚህኛው ለብቻው ካርድ ሥሪለት።